በጠፈር አውቶቡስ የተሳፈረው ፕሮፌሰር

ፕሮፌሰር ሌስሊ ቶርንበር በሰባ ሁለት ዓመቱ፣ የኢልክሊ ከተማ ሕዝብ በስተመጨረሻ መፈላሰፍ ጀመረ ብሎ አመነ። ደስታው ሦስት ሳምንት ያህል ቆየለት።

ነገሩ የተጀመረው ዳቦ ቤት ነው። ሌስሊ የስንዴውን ልግዛ የአጃውን እያለ መደርደሪያው ፊት ሲያመነታ፣ ሻጯ ጣቷን ወደ ጣሪያው ቀስራ፣ «መጀመሪያ ጥያቄውን እንለይ!» አለችው። ሌስሊ ክው አለ። ቃሉ የእሱ ነው። ሊድስ ውስጥ አርባ ዓመት የሥነ ምግባር ፍልስፍና ሲያስተምር እያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ የከፈተው በዚሁ ቃል ነው፤ ጣቱንም የሚቀስረው ልክ እንደዚያ ነበር። በማግስቱ ፖስተኛው ደገመው። በሳምንቱ መድኃኒት ቤት ተራ የያዙ ሁለት ሴቶች ሲያዩት ተጠቃቀሱና አንዷ ጣቷን ቀሰረች። ሌስሊ ቤቱ ገብቶ መስታወት ፊት ቆመና የሹራቡን ቁልፎች አስተካከለ። «ዘገየ እንጂ ገብቷቸዋል» አለ ለራሱ። ያን ሰሞን ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ ሳይቀር ደረቱን ነፋ አድርጎ ነበር።

ምስኪን! የተማረ ሰው ሲሞኝ እንደማንም ሰው አይሞኝም፤ ማስረጃ እየሰበሰበ ነው የሚሞኘው።

እውነቱን ያረዳችው ጎረቤቱ ዶሪን አክሮይድ ናት። ዶሪን ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድታ ጡረታ የወጣች፣ ምላሷን ግን ጡረታ ያላወጣች ሴት ናት። በአጥሩ በኩል ጽጌረዳዋን ስትከረክም አገኛትና የምሥራቹን ነገራት።

«ዶሪን፣ ሕዝቡ ስለ ደግና ክፉ ማሰብ ጀምሯል።»

«የቱ ሕዝብ? የእኛው?»

«ዳቦ ሻጯ ሳትቀር ጥያቄ ትለያለች።»

ዶሪን መቀሷን አወረደች። ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ፊቱን አይታ አዘነችለትና መልሳ ዘጋችው። «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም ቴሌቪዥን አታይም?»

«እንደማላይ ታውቂያለሽ።»

«እንግዲያው ከራት በኋላ እኔ ቤት ና። ሹራብህን ግን ቀይር።»

«ሹራቤ ምን ሆነ?»

«ና ብቻ።»

ሌስሊ ሹራቡን ሳይቀይር ሄደ። ዶሪን ሻይና ብስኩት አቀረበችና ቴሌቪዥኑን ከፈተች። ፕሮግራሙ «ስለ መዘግየታችን ይቅርታ» ይባላል፤ በፕላኔቶች መካከል ስለሚመላለስ፣ አንድም ቀን በሰዓቱ ደርሶ ስለማያውቅ አውቶቡስ የሚያወራ የጠፈር ኮሜዲ ነው። ኃይለኛ ሴት ሾፌር አለችው፣ መዋሸት የማትችል ሮቦት ቲኬት ቆራጭ አለችው። ከኋላ ወንበር ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ በስህተት ተሳፍሮ መውረድ ያቃተው ቢድል የሚባል ፕሮፌሰር ተቀምጧል። ቢድል ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ቡናማ ሹራብ ለብሷል። ሞተሩ በእሳት ተያያዘ። ተሳፋሪው ሁሉ እየጮኸ ማጥፊያ ሲፈልግ ቢድል ብድግ አለና ጣቱን ቀሰረ። «መጀመሪያ ጥያቄውን እንለይ!»

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሕዝብ በሳቅ ፈረሰ። ሌስሊ የራሱን ክርን አየ፤ እዚያም ቆዳ አለ።

«ይሄን ማን ነው የጻፈው?» አለ፣ ልቡ እያወቀው።

ዶሪን ወደ ቴሌቪዥኑ በጣቷ ጠቆመችው። በመጨረሻ ስሞቹ ሲያልፉ «ደራሲ፦ ብራዮኒ ቶርንበር» የሚል ወጣ። ብራዮኒ አንድያ ልጁ ናት።

ብራዮኒ ለቴሌቪዥን ቀልድ እንደምትጽፍ ያውቃል። ያላወቀው የምትጽፈውን ነው፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከተጣሉ ወዲህ አንድ ቀን አይቶላት አያውቅም። ጠብ ማለትም ያስቸግራል። በእኛ በእንግሊዞች አገር እኮ ሰው ሲጣላ አይጮህም፤ ስለ ዝናብ ብቻ ማውራት ይጀምራል። አባትና ልጅ እሑድ እሑድ ይደዋወላሉ። ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ስለ ጣሪያው አሸንዳ ያወራሉ፣ ከዚያ «በል እሺ» «በይ እሺ» ተባብለው ይዘጋሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ብራዮኒ በሃያ ሁለት ዓመቷ የሕግ ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ሲቀራት፣ የመጀመሪያውን የኮሜዲ ድርሰቷን ጻፈችና እንዲያነብላት ለአባቷ ሰጠችው። ሌስሊ አርባ ዓመት የለመደውን አደረገ። ቀይ እስክሪብቶ አነሣ፣ ዳር ዳሩን ሞነጫጨረበት፣ መጨረሻው ላይ ማርክ ሰጠው። ሃምሳ ስምንት። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ሃምሳ ስምንት ማለት አልወደቅህም፣ ግን ማንም እንኳን ደስ አለህ አይልህም ማለት ነው። ከሥሩ «ጅምሩ ደህና ነው፤ ክርክሩ ልል ነው» ብሎ ጻፈበት። ብራዮኒ ወረቀቱን ተቀብላ «አመሰግናለሁ» አለች። በወሩ ትምህርቷን ጥላ ማንቸስተር ገባች።

እንግዲህ አሁን ቆሽቱ ያረረው ሌስሊ ነበር። ቤቱ ገብቶ ለልጁ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይደውልና ይጮህ ነበር። ደብዳቤው አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ እስከ ዘጠነኛ ይሄዳል። ፍሬ ነገሩ ግን አንድ ነው፦ ሰውን እንደ ዕቃ መጠቀሚያ ማድረግ ነውር ነው፤ አንቺም አባትሽን የሳቅ ዕቃ አድርገሽዋል። ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ፍትሐዊ ሰው ነዋ! አንድ ክፍል ብቻ አይቶ መፍረድ ተገቢ አይደለም። ክሱ እንዲጠነክር ሁሉንም ማየት አለበት።

በማግስቱ ማስታወሻ ደብተር ይዞ ዶሪን ቤት ሄደ።

«ሁሉንም ቀድተሽዋል?»

«ሁለቱንም ዓመት። ለምን?»

«ማስረጃ ልሰበስብ።»

«ግባ ግባ» አለች ዶሪን። «ማስረጃ የሚሰበስብ ሰው ግን ጫማውን ያወልቃል፤ ምንጣፉን ዛሬ ነው የጠረግሁት።»

አምስት ቀን ሙሉ ከሶፋው አልተነሣም። የመጀመሪያው ቀን ማስታወሻው እንዲህ ይላል፦ «ሹራቡ የእኔ። ጣቱ የእኔ። መነጽሩን በክራቫቱ መጥረጉ፣ የእኔ።» በሁለተኛው ቀን አውቶቡሱ ውስጥ ለአምስት ሰው የሚበቃ አየር ብቻ ቀረ። ተሳፋሪዎቹ ስድስት ናቸው። ሁሉም በትሕትና «ግድ የለም እኔ ልቅር፣ እርስዎ ይተንፍሱ» እየተባባሉ ይለማመጣሉ፤ አንዱም ግን ከልቡ አይደለም፣ እምቢ ማለት ስላፈረ ነው። ቢድል ተነሥቶ «ሰው አፍሮ ቢሞት ደግ ሠራ ይባላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ በዚህ ላይ ሁለት ሰዓት ይከራከራሉ። በመጨረሻ ሮቦቷ አየሩን ለክታ፣ ለክርክር የፈጁት ስድስተኛውን ሰው ለሁለት ቀን ያቆየው እንደነበር ታረዳቸዋለች።

ሌስሊ ቴሌቪዥኑን አስቆመና ጻፈ። ጻፈና ገጹን ገለበጠ፤ እንደገና ጻፈ።

«ክስ ነው?» አለች ዶሪን።

«አይ… ጥያቄው በደንብ ተለይቷል። ይሄን ከተማሪዎቼ ማንም በዚህ መልክ አላነሣውም።»

«ወይ ጉድ! ክሱ ሊፈርስ ነው ማለት ነው።»

በሦስተኛው ቀን አንዲት አሮጊት ተሳፍራ፣ የትውልድ ፕላኔቷ አሁንም አለ ወይ ብላ ሮቦቷን ጠየቀቻት። ፕላኔቱ ከጠፋ ቆይቷል። መዋሸት የማትችለዋ ሮቦት ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «በመስኮት በኩል ይቀመጡ፤ ወንበሩ ይሞቃል» አለቻት። ይህ ማስቂያ ቦታ ነው፤ ሰዎቹም ሳቁ። ዶሪንም ሳቀች፣ ግን ዐይኗን ጠረገች። ሌስሊ የዚያን ዕለት ምንም አልጻፈም።

ያንገበገበው ነገር ሌላ ነው። አንድ በአንድ ሲመለከት፣ ቢድል በሁሉም ክፍል ልክ ነበር። ሲፈርድ አይሳሳትም። ችግሩ፣ ፍርዱን የሚጨርሰው ፌርማታው ካለፈ በኋላ ነው። ሰዎቹ «አዎ፣ ፕሮፌሰር፣ እውነትዎን ነው» እያሉ ወደ ኋላ እያዩ ያልፋሉ። ሌስሊ ይህን አስተዋለና ደብተሩን ከደነ።

ቅዳሜ ጠዋት ከብራዮኒ ፖስታ ደረሰው። ውስጡ ሁለት የመግቢያ ወረቀትና አጭር ደብዳቤ ነበር።

«አባዬ፤ ዶሪን እያየህ ነው አለችኝ። ከእኔ ልትሰማ ይገባህ ነበር፤ አልደፈርኩም። የመጨረሻውን ክፍል የፊታችን ቅዳሜ እንቀርጻለን። ቢድል ከአውቶቡሱ ይወርዳል። ለሦስተኛ ዓመት እንድንመልሰው የጣቢያው ሰዎች ይፈልጋሉ፤ እኔም እፈልጋለሁ። ካስቀየመህ ግን ወርዶ ይቀራል፤ ሌላ ነገር እጽፋለሁ። መጥተህ እይና ንገረኝ። በዚያው ቀን መልስ መስጠት አለብኝ።»

ሌስሊ ሦስት ጊዜ አነበበው። ለሁለተኛ ጊዜ ልጁ ጽሑፏን አምጥታ እጁ ላይ አስቀምጣለታለች። ፈራ። ዘጠኝ ቁጥር ያለውን ደብዳቤ ከመሳቢያው አውጥቶ አየውና መልሶ ዘጋበት።

ቅዳሜ ከዶሪን ጋር በባቡር ማንቸስተር አጠገብ ያለችው ሳልፎርድ ወረዱ። የመቅረጫው አዳራሽ እንደ ሥጋ ማቀዝቀዣ ይበርዳል። ከፊት ለፊት በአንድ ጎኑ የተቦደሰ አውቶቡስ ቆሟል። ዶሪን አንገቷን አስግጋ መሪውን ስትመረምር ቆየችና «ይሄ ነገር ፍሬን የለውም» ብላ ፈረደች።

ከቀረጻው በፊትና በየመሐሉ ተመልካቹን የሚያሟሙቅ ጌቲን የሚባል ቀልደኛ ነበረ፤ ከረሜላ እየበተነ ከዚህኛውም ከዚያኛውም ጋር ይላከፋል። ቀረጻው ተጀመረ። ሰዉ ይስቃል፣ ሌስሊም ሳያውቀው ሁለት ጊዜ ፈገግ አለ። ከዚያ የሮቦቷ አንገት ተጣመመና ሁሉም ነገር ቆመ። ጌቲን ማይኩን አነሣ።

«ጎበዝ፣ ያንኑ ቀልድ እንደግመዋለን። እናንተም እንዳልሰማችሁ ሆናችሁ፣ እንደ ቅድሙ አድርጋችሁ ትስቁልኛላችሁ። እሺ?»

«እሺ!» አለ አዳራሹ።

ሌስሊ ላይ አንድ ነገር ተነሣበት። ዶሪን እጅጌውን ብትይዘውም ቀድሟት ብድግ ብሏል፤ ጣቱም ተቀስሯል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «መጀመሪያ ጥያቄውን እንለይ። ያልመጣልንን ሳቅ ስቀን፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለሚያየው ሰው ብንልክለት፣ ማታለል አይሆንም?»

ከዚያ አዳራሹ ፈነዳ። ሰዉ ወንበር መታ፣ እግሩን መታ፣ አንዳንዱ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሌስሊ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ዙሪያውን ያያል።

«ጌታዬ፣ ማነው የቀጠረዎት?» አለ ጌቲን እንባውን እየጠረገ።

«ማንም አልቀጠረኝም። ጡረተኛ ነኝ።»

ይባስ ፈነዳ። ቢድልን የሚጫወተው ሽማግሌ ተዋናይ ከአውቶቡሱ ወርዶ እስከ መድረኩ ጫፍ መጣና ዐይኑን በእጁ ከልሎ ወደ ላይ ተመለከተ። ሁለት ሰዎች፣ ሁለት ቡናማ ሹራብ፣ አራት የቆዳ ክርን። ተዋናዩ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለለት። ሌስሊም ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነውና ጎንበስ አለ፤ ተቀመጠም። ፊቱ ፍም መስሏል።

«ዶሪን፣ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ…»

«ቆይ፣ ሳይውጥህ ይሄን ብላ» ብላ ከረሜላ አቀበለችው። ከኋላው የተቀመጠች የማያውቃት ሴት ደግሞ ትከሻውን ነካ አድርጋ «የኔ ጌታ፣ ቢድልን እንዴት እንደምንወደው ባወቁ!» አለችው። ሌስሊ ዞሮ አያት። ሁለት ሳምንት ያህል ሰው እየሣቀበት መሆኑን ሲያሰላ፣ ይወደው ይሆናል ብሎ አንድም ጊዜ አላሰበም ነበር።

የመጨረሻው ትዕይንት መጣ። አውቶቡሱ አንዲት ብቸኛ ፌርማታ ላይ ይቆማል። ዝናብ ይዘንባል። ፌርማታው ሥር አንዲት ሴት ጃንጥላ ይዛ ቆማለች፤ የቢድል ልጅ ናት። ቢድል ከደረጃው ሆኖ ያያታል፤ ጣቱን ያነሣል፣ አፉን ይከፍታል፣ ጣቱን ያወርዳል። «ዘገየሁ» ይላል። «የዘገየሁት መንገድ ተዘግቶብኝ አይደለም። ልክ መሆን ስለምወድ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።» ከዚያ ይወርዳል።

ይህቺን መቅረጽ አልሆነላቸውም። መጀመሪያ ዝናቡ ቀድሞ ቆመ። ቀጥሎ ተዋናዩ ደረጃው አዳለጠው። ሦስተኛ ላይ መጨረሻው ጋ ቃል ጠፋበት። ሌስሊም ያንኑ ቃል አራት ጊዜ ሰማ። በመጀመሪያው፣ ወግ ነው፣ የክርክሩን አካሄድ መረመረ። በሁለተኛው ልጅቱ አንድም ቃል እንደማትናገር አስተዋለ። በሦስተኛው ወደ ላይ ቀና ሲል፣ ቀረጻውን ከሚመሩበት የመስታወት ክፍል ውስጥ ብራዮኒን አያት። ወረቀት አልያዘችም፤ ከንፈሯ ግን ከተዋናዩ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ያኔ ገባው። ልጁ አላሾፈችበትም። አሥራ አንድ ዓመት ጠብቃ ከአባቷ ያጣችውን ቃል፣ ሲመራት ጊዜ ሰው ቀጥራ አስባለችው። አራተኛውን ጊዜ ሌስሊ መድረኩን አላየም፤ እሷን ብቻ ሲያይ ነበር።

ቀረጻው አልቆ ሰዉ ሲወጣ ዶሪን «እኔ ድንች ጥብስ ልግዛ፤ ወረፋው ረጅም ነው» ብላ ጥላው ሄደች። ወረፋ እንዳለ በምን አወቀች? ብራዮኒ ደረጃውን ወርዳ መጣች። እጆቿን አጣምራለች፤ ስትፈራ እንዲህ ናት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ።

«ቀረጻዬን በጠበጥክብኝ» አለች።

«ይቅርታ፤ ጥያቄው ግን…»

«አባዬ።»

«እሺ።»

«ያንተን ሳቅ አስቀርተነዋል። ማለቴ አንተ ያመጣኸውን። ዛሬ ከተሳቀው ሁሉ ትልቁ እሱ ነው።» ከዚያ ትከሻዋን ሰበቀች። «እህ? ውጭ እየጠበቁኝ ነው። ይመለስ ወይስ ይቅር?»

ሌስሊ መልስ ሊሰጥ አስቦ ሌላ ነገር ወጣው። «ልጅቱ ለምንድን ነው ዝም ያለችው?»

«ምን እንደምትል አላውቅማ!» አለች ብራዮኒ። «ሰባት ጊዜ ጽፌላት ሰባቱንም ቀደድኩት። ይቅርታ ተጠይቄ አላውቅ፤ ከየት ላምጣው?»

ባዶው አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው ወንበር እያጠፈ ነበር። ሌስሊ በእጁ ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ብራዮኒ፣ ያኔ የሰጠሽኝን ጽሑፍ» አለ። «ማታ ነው ያነበብኩት፣ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ። አንቺ ፎቅ ላይ ተኝተሻል። እና ሳቅሁ።»

ብራዮኒ አልተንቀሳቀሰችም።

«ፈገግ አላልኩም፤ ሳቅሁ ነው የምልሽ። ሦስት ጊዜ። እንዳትሰሚኝ ተነሥቼ የወጥ ቤቱን በር ዘጋሁት። ጥሩ ነው ካልኳት ትምህርቷን ትተዋለች ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶ አነሣሁ። ያ ማርክ ውሸት ነበር። ዋሽቼ አላውቅም እያልኩ ስኖር፣ ዋሽቼሻለሁ፤ ቁጥር ጽፌበት ዋሸሁ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ሰውዬውም አውቶቡሱ ላይ ይመለስ፤ ያለ እሱ የጠፈሩ ሰው በማን ይስቃል?»

ብራዮኒ ከፊት ለፊቱ ያለው ወንበር ላይ ዝፍ ብላ ተቀመጠች። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ይቅር ብዬሃለሁ ልትል ነው፣ ወይም ልትሰድበኝ ነው ብሎ ሌስሊ ለሁለቱም ተዘጋጀ። እሷ ግን ደራሲ ናት።

«የቱ ጋ?» አለች።

«ምኑ?»

«የቱ ጋ ነው የሳቅኸው?»

«ገጽ አራት» አለ ሌስሊ፣ ሳያመነታ። «ቄሱ ቀብር ላይ ‹ወንድማችን፣ ወንድማችን› እያለ አልቅሶ ሲያስለቅስ ቆይቶ፣ የሞተችው ሴት መሆኗን ያወቀ ጊዜ። ሁለተኛው ገጽ ዘጠኝ ላይ ነው። የአስከሬኑ መኪና ነዳጅ አልቆበት ባልየው ወርዶ ሲገፋ፣ ‹በሕይወት እያለችም የምገፋው እኔ ነበርኩ› ያለው።»

«በቃሌ አልያዝኩትም እኔ እንኳ» አለች ብራዮኒ፣ እንባዋ እየወረደ። «ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው ገጽ አሥራ ሰባት ነው። አክስትየዋ… አክስትየዋ ኬኩን ይዛ…» አለና መቀጠል አቃተው። ሳቁ መጣበት፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ እንደገና «አክስትየዋ» ብሎ ጀመረና እንደገና ተሸነፈ። ውጭ መልስ የሚጠብቁት ሰዎች በሩን አንኳኩ። ብራዮኒ ሳትዞር በእጇ «ቆዩ» አለቻቸውና አባቷ ስቆ እስኪጨርስ ጠበቀችው።